አስፈሪ ፊልም በየትኛው ወር ይታያል? ከሰይጣን ቤት እስከ ዲላ ቪዲዮ ቤት



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። «መምህር፣ ከጓደኞቼ ጋር የሃሎዊን ምሽት ልናዘጋጅ ነው። እርስዎ አስፈሪ ፊልም እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን። እስቲ ለየበዓሉና ለየወቅቱ የሚሆን ዝርዝር ያውጡልን» አለኝ። «እሺ፣ ነገ» አልኩት። ያ ነገ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው።

ዝርዝሩ ከብዶኝ አይደለም። ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ያየሁትን አስፈሪ ፊልም ብቆጥር ደብተር ይሞላል። ግን ስጀምረው የታሪክ መምህር አመል ያዘኝና «ይሄ ነገር ከየት መጣ? ማን ነው ፍርሃትን ለቀን መቁጠሪያ ያከፋፈለው?» ማለት ጀመርኩ። ሌላም ምክንያት አለ። ዝርዝሩን ስጽፍ ልረሳው የማልችል አንድ ምሽት ትዝ እያለኝ እጄ ይቆማል። እሱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ከሃሎዊን ልጀምር። ዛሬ ሃሎዊን ሲባል ብዙዎቻችን የሆሊውድ ነገር ይመስለናል። ሥሩ ግን የገበሬ ነው። የጥንት የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች «ሳዊን» የሚሉት በዓል ነበራቸው። መኸሩ ተሰብስቦ፣ ከብቱ ከግጦሽ ወደ በረት ገብቶ፣ የብርዱና የጨለማው ወራት የሚጀምርበት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው ድንበር ይሳሳል ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በኋላ የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያን በእነሱ ኖቬምበር 1 አደረገችው። ሃሎዊን የሚለው ስምም ከዚያ በዓል ዋዜማ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች ረሃብ አባሯቸው ወደ አሜሪካ ሲጎርፉ ይዘውት ሄዱ። እንግዲህ ከሥሩ ስታዩት የመኸር በዓል ነው፣ ያስፋፉትም ከረሃብ የሸሹ ሰዎች ናቸው። ይህን ያዙልኝ።

እንግሊዞች ደግሞ ለመናፍስት ተረት የመረጡት ገናን ነው። ቻርልስ ዲከንስ «ኤ ክሪስማስ ካሮል»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1843 ነው። አንድ ንፉግ ሽማግሌ በገና ዋዜማ መናፍስት ይጎበኙታል። ቢቢሲ እንኳን እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1978 በየዓመቱ ለገና አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ በቴሌቪዥን ያሳይ ነበር። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው፤ ገናና ሙት መንፈስ ምን አገናኛቸው? ግን አስቡት፦ የእነሱ ገና በዓመቱ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ሌሊቱ የሚረዝምበት ሰሞን ነው። ቤተሰብ ሁሉ አንድ ምድጃ ዙሪያ ይቀመጣል። ሥራ የለም፣ ወጥተህም የትም አትሄድም። ተረት የሚወራው ያን ጊዜ ካልሆነ መቼ ይወራል?

ጃፓኖች ግን ነገሩን ገልብጠው ያዙት። የእነሱ የሙት መንፈስ ወቅት ሙቀቱ የሚያቃጥልበት በጋቸው ነው። «ቦን» የሚባለው የቀደሙት አባቶች ነፍስ ወደ ቤት ይመጣል የሚባልበት በዓል በዚያ ወቅት ይውላል። ባሏ የበደላት የኦይዋ መንፈስ የምትመጣበት ዝነኛው «ዮትሱያ ካይዳን» የተሰኘው የካቡኪ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1825 ነው። ናካጋዋ የተባለው ዳይሬክተር በ1959 በፊልም ሲሠራውም የወጣው በጁላይ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ላብ ያጠመቀውን ተመልካች ጀርባውን ቀዝቀዝ ያደርገዋል ይላሉ። ነፋስ መስጫ ባልነበረበት ዘመን ፍርሃት እንደ ማራገቢያ ያገለግል ነበር ማለት ነው!

ታዲያ አንዱ በብርድ፣ ሌላው በሙቀት ከፈራ፣ ወቅቱን የሚወስነው አየሩ አይደለም። እኔ እንደሚገባኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሥራ የሚረግብበት ጊዜ፣ ሰው የሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ሙታን የሚታሰቡበት ጊዜ። ሦስቱ ሲገጥሙ የፍርሃት በዓል ይወለዳል።

ፊልም ሠሪዎች ይህን የነቁበት ቆይተው ነው። በ1974 ካናዳ ውስጥ «ብላክ ክሪስማስ» ተሠራ። በ1975 «ጆውስ» ወጣ፤ ዓሣ ነባሪ የሚመስለው ሻርክ የአሜሪካንን የነጻነት በዓል ሲበጠብጥ። በ1978 ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»ን ከ350 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ ሠርቶ በአሜሪካ ብቻ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቀን መቁጠሪያው ሮጠ። «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» በ1980፣ የፍቅረኞች ቀን ላይ የተሠራው «ማይ ብለዲ ቫለንታይን» በ1981። ያልተያዘ በዓል ጠፋ!

ደስ የሚለኝ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። «ሃሎዊን» ላይ መንገዱ ሁሉ በደረቀ ቅጠል ተሸፍኖ ታዩታላችሁ። ፊልሙ ግን የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ወቅት ነው። ቅጠሎቹ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ ይለቅሟቸውና ለሚቀጥለው ደግሞ ይበትኗቸዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከቤቶቹ ኋላ ዘንባባ ቆሞ ታገኛላችሁ። በ1973 የወጣው የእንግሊዞቹ «ዘ ዊከር ማን» ደግሞ ታሪኩ የሚሆነው በሜይ ወር መጀመሪያ፣ አበባ በሚፈነዳበት ጊዜ ነው። የተቀረጸው ግን በስኮትላንድ ብርድ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ዛፎቹ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ ለጠፉባቸው። ተዋንያኑም ሲናገሩ ከአፋቸው እንፋሎት እንዳይወጣ በረዶ ይጎርሱ ነበር ይባላል።

በሌላ በኩል እውነተኛ ወቅት የወለደው አስፈሪ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ሰማይን ሸፈነና በ1816 አውሮፓ በጋውን አጣች። ዝናብ፣ ብርድ፣ የሰብል ውድመት፣ ረሃብ። በዚያ ሰሞን ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ውስጥ የዘጋባቸው ጥቂት ወጣቶች «እስቲ ሁላችንም አንዳንድ አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» ተባባሉ። ከመካከላቸው አንዷ የ18 ዓመቷ ሜሪ ነበረች። የጻፈችው «ፍራንከንስታይን» ሆነ፣ በ1818 ታተመ። እሷ ቤት ውስጥ ጭራቅ ስትፈጥር ውጭ ገበሬው የሚበላው አልነበረውም። ይህንንም ያዙልኝ።

እኛስ?

«እኛ እንዲህ ዓይነት ነገር የለንም» የሚለኝ ሰው ካለ ኅዳር 12ን ላስታውሰው። ኅዳር ሲታጠን! ልጆች ሆነን ቆሻሻ ጠርገን፣ ቅጠል ሰብስበን፣ በየደጃፉ እሳት ለኩሰን ጭሱ ውስጥ ስንዘል ለምን እንደሆነ የነገረን አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን አራቆታት። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በከተማዋ ብቻ የሞተውን ከ9 እስከ 10 ሺህ ይገምተዋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ እንኳን ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ከደጅ የዋለበት ወር ነው። ያ ፍርሃት ታዲያ የት ገባ? ጭስ ሆኖ የአንድ ቀን በዓል ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲታጠን ኖረ፤ ልጆች እየሳቁ ይዘሉበታል። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ሲገባ ሽማግሌዎቻችን ወዲያው ያነሱት ስም «የኅዳር በሽታ» ነበር። አስፈሪ ፊልም ሳይኖረን አስፈሪ በዓል ነበረን ማለት ነው።

ሐረር ሂዱ ደግሞ። በአሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፣ አበላሉ ታይቶም የዓመቱ ዕድል ይተነበያል። ሌላው አገር ልጅ የሚያስፈራራበትን አውሬ ሐረሮች በዓመት አንድ ቀን ግብዣ ይጠሩታል። ጎንደር ደግሞ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 የዛር ቤት ገብቶ ወራት ተቀምጧል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ የራሱ ልብስ፣ የራሱ አነጋገር ነበረው። ሰውየው በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የገረመው የነገሩ ቲያትርነት ነው። ከበሮው አለ፣ ተመልካች አለ፣ መግቢያና መውጫ አለው።

ፊልም ራሱ ሲመጣስ? ሲኒማ ወደ አገራችን የደረሰው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደጠራው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ ሰይጣን ቤት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ፈረንጅ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት ቫምፓየር አስፈለገው፤ እኛ ዘንድ ግን የፊልሙ ዓይነት ሳይመረጥ ሁሉም አስፈሪ ነበር። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቁም ነገር አለው። የዚያ ዘመን ሰው «ይሄን ነገር ማን ፈቀደ? መቼስ ያበቃል?» ብሎ ነው የፈራው። ዛርም ኅዳርም ቀንና ወሰን አላቸው። ሲኒማ ግን ማንኛውም ቀን ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ዲላ እንመለስ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እኔ የማውቀው ቪዲዮ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ የሆነ የቡና ጆንያ። የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ስሙ አንድም ቀን በትክክል ተጽፎ አያውቅም። መግቢያው 50 ሳንቲም። ባለቤቱ አሁን በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ጋሼ ሃሎዊን የሚባል በዓል ሰምተው አያውቁም። ግን የራሳቸው ቀን መቁጠሪያ ነበራቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቀይ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ሲወርድ፣ መኪናው ሌሊት ሙሉ ሲያጓራ፣ ለቀማና እጥበት የመጣው ሠራተኛ ኪሱ ብር ሲይዝ፣ ያን ጊዜ የአስፈሪ ፊልም ወቅት ነው። «አናኮንዳ» ስትመጣ ሰልፉ ዋናው መንገድ ይደርስ ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን፣ ያለፈው ዓመት ብር አልቆ አዲሱ ቡና ሳይደርስ፣ ቤቱ ሁሉ በቆጮና በብድር ሲኖር፣ ሰሌዳው ላይ የሕንድ ፊልም ብቻ። ሁለት ወንድማማቾች ይጠፋፋሉ፣ እናት ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ክረምት ነው'ኮ፣ ይጨልማል፣ ይዘንባል፣ ለምን አስፈሪ አያሳዩንም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሰው መፍራት የሚወደው ሲጠግብ ነው። ሲርበው ፍርሃቱ ቤቱ አለ» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ የገንዘብ ወሬ መስሎኝ ነበር። የገባኝ ቆይቶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ያን ወቅት በዓይኔ አየሁት። እሸት ቡና ያለ ገዢ ሲቀር፣ ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ ሲበዛ። ያን ዘመን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ አቶ ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ዓለምን ሲዞሩ ይከተላቸዋል። ጭራቅ የለበትም፣ ግን እኔን ብዙ ጭራቅ ካለበት በላይ አስፈርቶኛል።

እንግዲህ ያን ምሽት ላንሳው።

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ፣ ከዚያም በሰኔ የሆነውን የዚህ አካባቢ ሰው አይረሳውም። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ዓመት በግጭት ምክንያት አዲስ የተፈናቀለ ሰው በብዛት የተመዘገበባት አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ጌደብ፣ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሜዳው ሁሉ ሰው ነበር። ዝናብ ነበር። ከሁለቱም ወገን የሞተ አለ፣ ከሁለቱም ወገን ደግሞ ጎረቤቱን ደብቆ ያሳደረ አለ። የማን ጥፋት ነው የሚለውን እዚህ አልገባበትም፣ ኮሜንት ላይም እንዳትገቡበት አደራ።

በ2011 ኅዳር ላይ እኔ በአንድ ትምህርት ቤት የፊልም ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። ልጆቹ አስፈሪ ፊልም ጠየቁ። እኔ በደስታ መረጥኩላቸው፦ የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ 1968። ምርጫዬ ትክክል መስሎኝ ኮርቼበት ነበር። የታሪክ ዋጋ አለው፣ የዛሬው የዞምቢ ፊልም ሁሉ አባት ነው፣ ዋናውን ሚና የያዘው ጥቁር ተዋናይ መሆኑ በዚያ ዘመን አሜሪካ ቀላል ነገር አልነበረም። ደግሞም አከፋፋዩ የመብት ማስታወቂያውን ሳያስገባ በመቅረቱ የቅጂ መብት የለበትም፣ ማንም ያለ ክፍያ ሊያሳየው ይችላል። ሁሉን አስቤያለሁ ብዬ ነበር።

ፊልሙን ያላየ ካለ፣ ታሪኩ ይህ ነው። ጥቂት ሰዎች አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ተዘግተዋል። በርና መስኮቱን በሳንቃ ይቸነክራሉ። ውጭ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ ሰዎች እየበዙ ይመጣሉ፣ ትናንት ጎረቤት የነበሩ ሰዎች።

እየጻፍኩት አሁንም ያፍረኛል። ግማሽ ያህል እንደሄደ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መሰለኝ። ሲቆይብኝ ወጥቼ ፈለግኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አያለቅስም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ዝም ብሎ ዝናቡን ያያል።

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» አልኩት። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«አይ መምህር፣ መጨረሻውን ስለማውቀው ነው።»

«አይተኸዋል?»

«ፊልሙን አላየሁትም» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም፣ እሱም ምንም አልነገረኝም። ውስጥ ያሉት ልጆች ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይጮሃሉ። ከእነዚያ ከሚስቁት መካከልም ያን ዓመት መጠለያ ያሳለፉ ነበሩ፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንዱን የሚያስለቅሰው ሌላውን ያስቃል። ማን የትኛው እንደሆነ ግን መምህሩ አስቀድሞ አልጠየቀም። ክበቡን ዓመቱን ሙሉ በአስፈሪ ፊልም አልመለስኩበትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፍርሃት ወቅት የማስበው ተለወጠ። ሳዊን መኸር ከገባ በኋላ ነው፣ ጎተራው ሲሞላ። የእንግሊዝ የገና ተረት ምድጃው ሲነድ ነው። የጋሼ አስፈሪ ፊልም ቡና ሲሸጥ ነው። ኅዳር የሚታጠነው በሽታው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሬሳ ደጅ ላይ እያለ ማንም ጭስ ውስጥ አልዘለለም። ሜሪ ሼሊም ጭራቋን የፈጠረችው ጣሪያ ከራሷ በላይ ስለነበር ነው። ሰው በዓል የሚያደርገው ያለፈ ፍርሃትን ነው። እየሆነ ያለውን ፍርሃት ማንም በዓል ሊያደርገው አይችልም። እኔ ያን ምሽት የሠራሁት ስህተት የፊልም ምርጫ ሳይሆን የቀን ምርጫ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በዓል ፈልጌ ነበር። ኅዳር ስንት ዓመት እንደፈጀ አላሰብኩም።

ጌዴኦና ጉጂም ይህን ያውቁታል። ጎንዶሮ የሚባለው የእርቅና የመሐላ ሥርዓት ከባድ ነው፣ የሚያስፈራም ነው፤ መሐላውን የሚያፈርስ ምን እንደሚደርስበት ያየ ሰው ፊት ይነገረዋል። ግን ያ ፍርሃት ሰውን ከሰው አያባርርም፣ ይልቁንም ያስራል። በሽማግሌ ፊት፣ በቀን፣ በአደባባይ ነው።

እሺ፣ ለተማሪዬ የገባሁት ቃል አለ። ይኸው ዝርዝሩ፣ ለዲላና ለዲላ ልጆች፦

መስከረም። እንቁጣጣሽ ላይ ምንም አታሳዩ፣ በዓሉ ይበቃል። «ዘ ዊከር ማን» እሳት ስላለበት ለደመራ ይሆናል የሚለኝ ሰው ይኖራል። አይሆንም። ደመራ የደስታ እሳት ነው፤ ምስል ስለተመሳሰለ ስሜት አይመሳሰልም።

ጥቅምት 21። በፈረንጆቹ ሃሎዊን ነው፣ በእኛ ማርያም ናት፣ በዲላ ደግሞ ቡናው እየቀላ ነው። «ሃሎዊን» ይታይ፣ ዘንባባውን ቀድሞ ላገኘ ቡና በእኔ።

ኅዳር 12። «ኮንቴጅን»፣ 2011። አስፈሪ ተብሎ ባይመደብም ያስፈራል። ከማሳየታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያሉ አዛውንቶችን ስለ ኅዳር በሽታ ከወላጆቻቸው የሰሙት ካለ ጠይቁ። እሱን ቅዱ። ፊልሙ ሁልጊዜ አለ፣ እነሱ ግን የሉም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና። «ኤ ክሪስማስ ካሮል»፣ ከልጆች ጋር። ንፉግ ዘመድ ካላችሁ እሱንም ጥሩት።

ጥር፣ ደራሮ። ፊልም የለም። በጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል ላይ ሙታንን ማሰብ ከፈለጋችሁ ጨልባ ቱቱቲ ሂዱ፣ ቱቱ ፈላ ሂዱ። ከሺህ በላይ ትክል ድንጋይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮችን ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ወስዷቸዋል፣ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማሉ። መስከረም 2016 ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መቃብር መካከል ቆሞ አለመፍራትም ባህል ነው።

የካቲት 12። ዝምታ። በ1929 አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን የሆነው ነገር ፊልም አያስፈልገውም። ስድስት ኪሎ ያላችሁ ሐውልቱን ዞራችሁ የተቀረጸውን እዩት።

ጾም ላይ፣ ሑዳዴም ረመዳንም፣ ማሳያው ይዘጋ። ከጎረቤት ጋር አትጣሉ።

ሚያዝያና ግንቦት። ወደ እኛ የበልግ ዝናብ ነው። ዝናብ ቤት ከዘጋችሁ «ፍራንከንስታይን»፣ የ1931ዱ። ግን መጀመሪያ ጠይቁ። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ሚያዝያ ሲመጣ ምን ትዝ እንደሚለው ጠይቁት። «ይቅርብኝ» ካለ ይቅር፣ ጋሼ እንዳደረጉት የሕንድ ፊልም ክፈቱ። ሲጠፋፉ አልቅሱ፣ ሲገናኙ አልቅሱ።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ። የመጨረሻውን ለዚህ አስቀምጬዋለሁ። «ኖስፌራቱ»፣ 1922፣ ድምፅ አልባ። ሰይጣን ቤት በነበረበት ዘመን የተሠራ ፊልም ነው። ደም መጣጩ ሌሊቱን ሙሉ ከተማውን ሲያሸብር ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሚያጠፋው ጦርም ጥይትም አይደለም። ዶሮ ይጮሃል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ አለቀ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት የሚለውን አባባል ጀርመኖቹ ማን እንደነገራቸው አላውቅም!

ያ ደረጃው ላይ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። አልፎ አልፎ እንገናኛለን። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ በሰፈሩ ሳልፍ ደጁ ላይ ቅጠል አቃጥሎ፣ ትንሽ ልጁን አቅፎ ጭሱን ሲያሳያት አገኘሁት። «መምህር፣ ይግቡ፣ ቡና ደርሷል» አለኝ። ገባሁ።

እናንተም በየወሩ የምታዩት ካለ ጻፉልኝ፣ ዝርዝሩን እጨምርበታለሁ። ቸር ያሰማን።